«ካላመመው ደህና ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

መልስ የምንሰጠው በካንሰር የታመመ ሰው ለሚያስታምሙ ቤተሰቦች ለተጻፈ አንድ የምክር ጽሑፍ ነው። ፍሬ ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ የካንሰር ሕመምተኛ ትልቁ ጠላት ሥቃይ ነው፤ ሥቃዩ በመድኃኒት ከተያዘለት የቀረው ድካም፣ የምግብ መዘጋት፣ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ድርቀትና መከፋት የበሽታው ተፈጥሮ ስለሆነ በትዕግሥት የሚታለፍ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ጽሑፉ ለእያንዳንዱ ችግር አንዳንድ ምክር ይሰጣል። በቅን ልብ እንደተጻፈ አንጠራጠርም። ሕመምተኛ በሱስ ፍርሃት ሞርፊን ተነፍጎት በሥቃይ መተው የለበትም ማለቱም ትክክል ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ነጥብ በነጥብ መታረም አለበት፤ ምክሮቹን እንዳሉ የተከተለ ቤተሰብ የሚወደውን ሰው ሊጎዳ ይችላልና።

መጀመሪያ፣ ጽሑፉ «ያምሃል?» ብሎ መጠየቅ በቂ ነው፣ ሌላ ችግር ካለ ሕመምተኛው ራሱ ይናገራል ይላል። አይናገርም። በአማርኛ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ በሽታውንም ሥቃዩንም የምንጠራው «ሕመም» በሚለው በአንዱ ቃል ነው። «ያምሃል?» የተባለ ሰው የሚወጋው ወይም የሚቆርጠው ነገር እንዳለ ያዳምጥና ከሌለ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ይላል። አራት ቀን ሙሉ ሰገራ አለመውጣቱ፣ ትንፋሽ አጥሮት ቁጭ ብሎ ማደሩ፣ አፉ ቆስሎ ውሃ እንኳ ማቃጠሉ በዚያ መልስ ውስጥ የሉም። እነዚህ የሚነገሩት በሌላ ቋንቋ ነው፦ «ጉልበቴ ከዳኝ»፣ «ሰውነቴ ዛለ»፣ «ምግብ ዘጋኝ»፣ «ወደ ላይ ይለኛል»፣ «ሆዴን ባር ባር ይለዋል»። እያንዳንዱ የራሱ ጥያቄ ይፈልጋል።

ለዚህ የተዘጋጀ መጠየቂያ አለ። በካናዳዋ ኤድመንተን ከተማ ተሠርቶ በ1991 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የታተመውና ከዚያ ወዲህ የተሻሻለው ቅጽ ዘጠኝ ነገሮችን ከ0 እስከ 10 ያስመዝናል፦ ሥቃይ፣ ድካም፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ድብርት፣ ጭንቀትና አጠቃላይ ደህንነት። ከዘጠኙ ስምንቱ ሥቃይ አይደሉም። አሥረኛው መስመር ሕመምተኛው የራሱን እንዲጨምር ባዶ የተተወ ነው። ቤት ውስጥ አንድ ደብተር ይበቃል፤ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት «አሁን ስንት ነው?» ተብሎ ይጠየቃል፣ የተባለው ቁጥር ይጻፋል። 4 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ወይም ከትናንት በሁለት ሦስት ነጥብ የዘለለ ነገር ለሐኪም ይነገራል። ሕመምተኛው መናገር እስከቻለ ድረስ ማንም ስለ እሱ ቁጥር አይሙላ፤ ሐኪሞች ዝቅ አድርገው፣ ቤተሰብ ደግሞ ከፍ አድርጎ የመገመት ልማድ አለ።

ጽሑፉ የኑሮ ጥራት በቁጥር አይለካም ማለቱም ከዚሁ ጋር ይወድቃል። በ1993 የታተመውና በካንሰር ጥናቶች ላይ በሰፊው የሚሠራበት የአውሮፓ መጠይቅ 30 ጥያቄዎች አሉት፤ ስለ ሥቃይ የሚጠይቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ስለ ድካም ብቻ ሦስት አሉ። መጠየቁ ራሱ ደግሞ ለውጥ ያመጣል። ውጤቱ በ2017 የታተመው የኒውዮርክ ጥናት የተስፋፋ ካንሰር ያለባቸውንና ኬሞቴራፒ (በአጭሩ ኬሞ፣ የካንሰር ሕዋሳትን የሚገድል መድኃኒት) የሚወስዱ 766 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ነበር። አንደኛው ቡድን 12 ምልክቶችን በኮምፒዩተር በየጊዜው እንዲያስመዘግብና አንዱ ሲብስ ነርስ እንድታውቅ ተደረገ፤ ሌላው እንደ ወትሮው ታከመ። የመጀመሪያው ቡድን በሕይወት የቆየበት መካከለኛ ጊዜ 31.2 ወር፣ የሁለተኛው 26 ወር ሆነ። አዲስ መድኃኒት አልተጨመረም፤ ተጠየቁ፣ መልሳቸውም ሰሚ አገኘ።

ሁለተኛ፣ የደከመው ይተኛ ይላል። ከጽሑፉ ምክሮች ሁሉ ሰው ሳያመነታ የሚቀበለው ይህ ነው፤ የደከመ ሰው ማረፉ ያለ ነውና። የካንሰር ድካም ግን በእንቅልፍ የሚለቅ አይደለም። አሥር ሰዓት ተኝቶ የተነሣ ሰው ፊቱን ለመታጠብ ጉልበት ሊያጣ ይችላል። የተኛበት ጡንቻ ደግሞ በሳምንት ውስጥ ይሟሽሻል፤ ከዚያ በኋላ መጸዳጃ ቤት ድረስ መሄድ ራሱ ሥራ ይሆንበታል፣ የበለጠ ይደክመዋል፣ የበለጠ ይተኛል። መጀመሪያ የሚደረገው ሊስተካከል የሚችል ምክንያት መፈለግ ነው፦ የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ሆርሞን መቀነስ፣ ኢንፌክሽን፣ የፈሳሽ እጥረት፣ የሶዲየም ወይም የፖታሲየም መዛባት፣ እንቅልፍ የሚያመጡ መድኃኒቶች መደራረብ፣ ድብርት። አብዛኛው በተራ የደም ምርመራና የመድኃኒት ዝርዝሩን ቁጭ ብሎ በማየት ይታወቃል።

ቀጥሎ እንቅስቃሴ ይመጣል። በ2017 የታተመ፣ 113 ጥናቶችንና ከ11 ሺህ በላይ ሰዎችን ያሰባሰበ ትንታኔ ለካንሰር ድካም እንቅስቃሴና ሥነ ልቦናዊ ድጋፍ ከመድኃኒት የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። ግቡ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን 30 ደቂቃ ያህል፣ እያወሩ መሄድ በሚቻልበት ፍጥነት መራመድ ነው። ይህ ግብ እንጂ መነሻ አይደለም። አልጋ ላይ የሰነበተ ሰው በ5 ደቂቃ፣ ካስፈለገም ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን በማንሣትና በማውረድ ይጀምራል፤ በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ ይጨመርለታል። በማግስቱ ካደቀቀው በዝቷልና ወደ ቀድሞው መጠን ይመለሳል። የቀን እንቅልፍ ከ30 ደቂቃ አይለፍ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላም ባይሆን ይመረጣል። ጉልበቱ የሚሻልበት ሰዓት የትኛው እንደሆነ ከደብተሩ ላይ ይታያል፤ ያ ሰዓት እሱ ለሚወደው ነገር ይቀመጥለት እንጂ ለገላ መታጠብ አይባክን። ትኩሳት፣ የደረት ሕመም ወይም ማዞር ካለ እንቅስቃሴው ይቆያል። ካንሰሩ ወደ አጥንት ከተዛመተ ከባድ ማንሣት ክልክል ነው።

አንድ ነገር ግን ከድካም ጋር መምታታት የለበትም። ድካም መላ ሰውነትን ይይዛል። ሁለቱ እግሮች ብቻ ሲከዱ፣ ከወገብ በታች ሲደነዝዝ፣ ሽንት አልወጣ ሲል ወይም ሳይታወቅ ሲያመልጥ፣ በተለይ አዲስ የጀርባ ሕመም ከቀደመ፣ ዕጢ ሕብለ ሰረሰርን ተጭኖ ሊሆን ይችላል። ያ ሰው በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት። ሕክምናው ሲጀመር መራመድ የሚችል ሰው በአብዛኛው እየተራመደ ይቀጥላል፤ እግሩ ጨርሶ ከከዳው በኋላ የመጣ ግን እምብዛም አይመለስለትም።

ሦስተኛ፣ ካልበላ ጉልበት አያገኝም፣ ስለዚህ ቢጠላም ተገዶ ይብላ ይላል። ምግብ በግድ የተሰጠው ሕመምተኛ ያስታውካል፣ ትን ይለዋል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የምግብ ሰዓትን መፍራት ይጀምራል። በካንሰር የሚመጣው መክሳት እንደ ረሃብ መክሳት አይደለም። በሽታው በሰውነት ውስጥ የሚፈጥረው የመቆጣት ሂደት ጡንቻን ያፈርሳል፣ የምግብ ፍላጎትንም ከአንጎል ላይ ያጠፋል፤ ስለዚህ ምግብ መጨመር ብቻውን የወረደውን ኪሎ አይመልስም። በ2011 የተስማሙበት ዓለም አቀፍ መመዘኛ፣ ሳያስቡት በ6 ወር ውስጥ ከክብደት ከ5 በመቶ በላይ መቀነስን ዋና ምልክት ያደርጋል። 60 ኪሎ ለነበረ ሰው 3 ኪሎ ማለት ነው። ይህን ያወቀ ቤተሰብ «ሰነፍህ» ወይም «እኛን ብለህ ብላ» እያለ አይወቅሰውም።

እጅን አጣጥፎ መቀመጥም መልስ አይሆንም። ምግብ የሚዘጉና የሚታከሙ ነገሮች አሉ፣ ፍለጋው ከአፍ ይጀምራል። በደንብ በሚያበራ ብርሃን ምላስና ጉንጭ ውስጥ ይታይ። በጨርቅ ሲጠረግ የሚነሣ ነጭ ነገር ካለ ፈንገስ ነው፤ በኒስታቲን ወይም በፍሉኮናዞል በቀናት ውስጥ ይለቃል። ቁስል ካለ በ1 ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ጨውና 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ተበጥብጦ በየ2 እና 3 ሰዓቱ ይጉመጥመጥበት፤ ተጉመጥምጦ ይተፋል እንጂ አይዋጥም፣ በየቀኑም አዲስ ይዘጋጃል። አልኮል ያለበት የአፍ ማጠቢያ ቁስሉን ያባብሳል። 5 ፍሎሮዩራሲል የተባለውን ኬሞ በአንድ ጊዜ በፍጥነት በደም ሥር የሚወስድ ሰው ከመርፌው 5 ደቂቃ በፊት ጀምሮ ለ30 ደቂቃ በአፉ በረዶ ቢይዝ አፉ የመቁሰል ዕድሉ ይቀንሳል፤ ቅዝቃዜው የአፍን ደም ሥር ስለሚያጠብ መድኃኒቱ ወደዚያ የሚደርሰው ትንሽ ነው። አብሮ ኦክሳሊፕላቲን የሚወስድ ከሆነ ግን በረዶው ይቅር፤ ያ መድኃኒት ቅዝቃዜ ሲነካው ጉሮሮና ጣትን ያሳምማል።

ምግቡ በትንሽ ሳህን፣ በቀን ስድስት ጊዜ ያህል፣ ትልቁ ደግሞ ጠዋት ላይ ይሁን፤ ፍላጎት ወደ ማታ እየቀነሰ ይሄዳል። መጠጥ ከምግቡ ጋር ሳይሆን ከምግቡ በኋላ ይሻላል፣ ሆድ ቶሎ ይሞላልና። ሽታ የሚረብሸው ሰው ቀዝቀዝ ያለ ምግብ፣ ብረት ብረት የሚለው ደግሞ የፕላስቲክ ማንኪያ ያስመቸዋል። የፕሮቲን መጠን በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.5 ግራም ይመከራል፤ ለ60 ኪሎ ሰው ከ60 እስከ 90 ግራም ነው። ፍላጎት የሚከፍቱ መድኃኒቶችም አሉ። ዴክሳሜታዞን ለጥቂት ሳምንታት ይሠራል፣ ከዚያ ጉልበቱ ያልቅና ጡንቻ ያሳሳል፣ ስኳር ያወጣል። ሜጀስትሮል ኪሎ ይጨምራል፣ ግን የሚጨምረው በአብዛኛው ስብ ነው፣ ደም የማርጋት አደጋም አለው። በሕይወት የመጨረሻ ቀናት ላይ ያለ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ረሃብ አይሰማውም። የሚያስፈልገው ከንፈሩና አፉ እንዲረጥብ ነው።

አራተኛ፣ ለማቅለሽለሽ ኦንዳንሴትሮን ይበቃል ይላል። ኦንዳንሴትሮን በኬሞ የመጀመሪያ 24 ሰዓት እጅግ ጥሩ ነው፤ የሚወሰደውም ከኬሞው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት እንጂ ማስታወክ ከጀመረ በኋላ አይደለም። ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ለሚመጣው ማቅለሽለሽ ግን ብቻውን ደካማ ነው። እዚያ ላይ ዴክሳሜታዞን፣ አፕሬፒታንትና ኦላንዛፒን ይሠራሉ። ኦላንዛፒን እንቅልፍ ስለሚያመጣ ማታ ይወሰዳል፤ ዴክሳሜታዞን በተቃራኒው እንቅልፍ ስለሚነሣ ጠዋት ይወሰዳል። ሁለቱን አቀያይሮ የሰጠ ቤት ሌሊቱን ያፈጠጠ፣ ቀኑን የሚያንቀላፋ ሕመምተኛ ያገኛል። ኦንዳንሴትሮን ደግሞ ሆድ ያደርቃል፣ ድርቀቱም በተራው ያቅለሸልሻል፤ ኪኒኑ ሲደጋገም ማቅለሽለሹ የሚብስበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ትክክለኛው መድኃኒት የሚመረጠው ከምክንያቱ ነው። ሁለት ሦስት ጉርሻ ወስዶ የሚጠግብ፣ ከዚያ ያልተፈጨ ምግብ በብዛት አስታውኮ ቀለል የሚለው ሰው ጨጓራው ወደ ታች አላሳልፍ ብሎት ነው፤ ሜቶክሎፕራማይድ ይረዳዋል። ያው መድኃኒት ግን አንጀቱ ሙሉ በሙሉ ለተዘጋ፣ ሆዱን እያነሣ እየጣለ ለሚቆርጠውና አየር እንኳ ለማይወጣለት ሰው ሥቃይ ይጨምራል፤ የተዘጋ ቱቦ ላይ እንደ መግፋት ነው። በሞርፊን ጅማሬ የሚመጣው ማቅለሽለሽ በብዛት በሳምንት ገደማ ያልፋል። ጠዋት ጠዋት ከራስ ምታት ጋር ካስታወከ ከአንጎል ሊሆን ይችላል። ውሃ ጥም፣ ሽንት መመላለስ፣ ድርቀትና መፍዘዝ አብረው ከመጡ በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም በዝቶ እንደሆነ ይለካ፤ በፈሳሽና በዞሌድሮኒክ አሲድ የሚወርድ፣ ካልታከመ ግን የሚገድል ነገር ነው። ሜቶክሎፕራማይድ፣ ሃሎፔሪዶልና ኦላንዛፒን ሐኪም ካላዘዘ በላይ በላዩ አይሰጡ። ሦስቱም ዶፓሚንን (እንቅስቃሴን የሚያስተካክል የአንጎል ኬሚካል) ስለሚያግዱ ሲደራረቡ ሰውየው ይገተራል ወይም እግሩን ማሳረፍ አቅቶት ሲነሣ ሲቀመጥ ይውላል።

አምስተኛ፣ ሞርፊን ሆድ ካደረቀ ጥራጥሬና ቅጠላ ቅጠል በብዛት ይብላ ይላል። ይህ ለጤነኛ ሰው የሚሰጥ ምክር ነው። ሞርፊን አንጀትን ያስተኛዋል፤ በተኛ አንጀት ውስጥ ገለባ ሲጨመር፣ በዚያ ላይ ውሃ በበቂ ካልጠጣ፣ ድፍን ይሆናል። ሰውነት የሞርፊንን እንቅልፍና ማቅለሽለሽ ይለምዳል፣ ድርቀቱን ግን አይለምደውም። ስለዚህ ማስቀመጫው (ሰገራ የሚያስወጣው መድኃኒት) ከሞርፊኑ ጋር በዚያው ቀን ይጀመራል፣ ሞርፊኑ እስካለ ድረስም አይቋረጥም። የሚመረጠው አንጀትን የሚቀሰቅስ ዓይነት ነው፦ ማታ ቢሳኮዲል ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም፣ ወይም ሴና 2 ኪኒን። ከ6 እስከ 12 ሰዓት ውስጥ ስለሚሠራ ጠዋት ላይ ይወጣል። ላክቱሎስ ሊታከል ይችላል፣ ሆድ ግን ይነፋል።

ሦስተኛው ቀን ሳይወጣ ከመጣ በፊንጢጣ የሚገባ መድኃኒት ወይም ኢኒማ (በፊንጢጣ የሚሰጥ የማጠቢያ ፈሳሽ) ይታሰባል፤ ነጭ የደም ሕዋሱ ወይም ፕላትሌቱ (ደም የሚያረጋው ሕዋስ) የወረደ ሰው ላይ ግን አይደረግም፣ ትንሽ ጭረት ኢንፌክሽን ወይም የማይቆም መድማት ታመጣለችና። ብዙ ቤት የሚሳሳትበት ቦታ ደግሞ እዚህ አለ፦ አምስት ስድስት ቀን ደርቆ የከረመ ሰው ድንገት ቀጭን ፈሳሽ ሰገራ ይንጠባጠብለታል። ቤተሰቡ «ተቅማጥ ያዘው» ብሎ ማስቀመጫውን ያቆማል፣ የተቅማጥ ማቆሚያ ይሰጣል። ተቅማጥ አይደለም። ደርቆ በተጠራቀመው ዙሪያ ሾልኮ የሚያመልጥ ፈሳሽ ነው፤ ሐኪም ወይም ነርስ በጓንት በጣት መርምሮ ይለየዋል።

ስድስተኛ፣ ትንፋሽ ያጠረው ኦክስጅን ይገዛለት ይላል። በደሙ ውስጥ ኦክስጅን ለወረደ ሰው አዎ። ያልወረደ ሰው ግን በኦክስጅኑ የተለየ ጥቅም አያገኝም፤ በ2010 የታተመ ጥናት እንደዚህ ያሉ 239 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ለግማሾቹ ኦክስጅን፣ ለግማሾቹ ተራ አየር በአፍንጫ ቱቦ ሰጣቸው፤ ሁለቱም ቡድን በእኩል ተሻላቸው። በፊት ላይ የሚነፍስ አየር ራሱ ይረዳል። በባትሪ የሚሠራ የእጅ ማራገቢያ ከፊት 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ይያዝና አየሩ አፍንጫን፣ የላይኛውን ከንፈርና ጉንጭን እንዲመታ ይደረግ፤ እዚያ ያሉት ነርቮች ቅዝቃዜውን ሲሰሙ አንጎል የአየር ጥማቱን ያበርዳል። ሰውየው ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ክንዶቹን ትራስ ወይም ጠረጴዛ ላይ ያሳርፍ፣ ከንፈሩን ሰብሰብ አድርጎ በቀስታ ያስወጣ፣ መስኮት ይከፈት። በሐኪም የሚታዘዝ አነስተኛ ሞርፊንም የትንፋሽ ጭንቀትን ያቀልላል። በሳንባ ዙሪያ የተጠራቀመ ውሃ ተቀድቶ የሚቀል ነው፣ የደም ማነስም ይታከማል። ድንገት የመጣ ማጠር ግን፣ በተለይ አንድ እግር ካበጠ ወይም ደረት ከወጋ፣ የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሊሆን ይችላልና አይጠበቅም።

ሰባተኛ፣ መከፋት ያለ ነው፣ ሕክምና አያሻውም ይላል። ሐዘን ያለ ነው፤ ድብርት ግን በሽታ ነው። በካንሰር ላይ ሁለቱን ለመለየት እንቅልፍና ክብደት አይረዱም፣ ካንሰሩ ራሱ ያዛባቸዋልና። የሚረዳው ይህ ጥያቄ ነው፦ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ቀድሞ የሚያስደስትህ ነገር አሁንም ያስደስትሃል? ያዘነ ሰው የልጅ ልጁ ሲገባ ፊቱ ይፈካል፤ የተደበረ አይፈካም። የድብርት መድኃኒት ለመሥራት ሳምንታት ስለሚፈጅ በጊዜ ይጀመር። ታሞክሲፌን የተባለውን የጡት ካንሰር መድኃኒት ለምትወስድ ሴት ከድብርት መድኃኒቶች ፓሮክሴቲንና ፍሉኦክሴቲን አይመረጡም፣ ጉበት ታሞክሲፌንን ወደሚሠራው ቅርጽ የሚለውጥበትን መንገድ ይዘጋሉና። ከድብርት ጋር የሚምታታ ሌላም አለ። ትናንት ሲያወራ የነበረ ሰው ዛሬ ዝም ብሎ ካፈጠጠ፣ ጠዋት አውቆን ማታ ከዘባረቀ፣ አእምሮው በሌላ ነገር ታውኮ ነው፦ አዲስ መድኃኒት፣ ኢንፌክሽን፣ የታገደ ሽንት፣ ካልሲየም፣ ወይም ኩላሊት ደክሞ የተጠራቀመ ሞርፊን። ማቃሰቱን ሥቃይ ነው ብሎ ሞርፊን መጨመር እዚህ ላይ ያባብሳል።

ጽሑፉ የማስታገሻ ሕክምናን (ሥቃይንና ሌሎች ምልክቶችን የሚያቀልለውን ሕክምና) ሌላው ሁሉ ሲያልቅ የሚጠራ አድርጎ ማቅረቡም ስሕተት ነው። በ2010 የታተመው የቦስተን ጥናት የተዛመተ የሳንባ ካንሰር በቅርቡ የተገኘባቸውን 151 ሰዎች ተከተለ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ከካንሰር ሕክምናቸው ጎን ለጎን የማስታገሻ ሐኪም ያዩት የኑሮ ጥራታቸው ተሻለ፣ ድብርታቸው ቀነሰ፣ በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜም 11.6 ወር ሆነ፤ የሌሎቹ 8.9 ነበር።

የመጨረሻው ነጥብ በጽሑፉ ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ከሁሉም ግን እሱ ያስፈራናል። ትኩሳት ሲመጣ ፓራሲታሞል ሰጥቶ እስከ ነገ ማየት ይቻላል ይላል። ኬሞ ለሚወስድ ሰው አይቻልም። ከኬሞው በኋላ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ገደማ ነጭ የደም ሕዋሳት በጣም ይወርዳሉ፣ ያን ጊዜ የገባ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። መግል ስለማይሠራ፣ ሳልም ላይኖር ስለሚችል ብቸኛው ምልክት ትኩሳቱ ነው፤ ፓራሲታሞል ደግሞ እሱኑ ይደብቀዋል። ቴርሞሜትር ቤት ውስጥ ይኑር። 38 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ፣ ወይም ያለ ትኩሳትም ብርድ ብርድ ብሎት ከተንቀጠቀጠ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሄዳል። እዚያ ሲደርሱ በመጀመሪያ የሚነገረው «ኬሞ ላይ ነው» የሚለው ነው፤ ቀጥሎ የመጨረሻው ኬሞ የተሰጠበት ቀን፣ የመድኃኒቶቹ ስምና የተለካው ሙቀት ከነሰዓቱ። ሕመምተኛው በደረሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንቲባዮቲኩ መጀመር አለበትና፣ ይህ ሁሉ አስቀድሞ በአንድ ወረቀት ተጽፎ ከቴርሞሜትሩ ጋር ይቀመጥ።